የታረቁት ትልልቆቹ ናቸው

ለውድ እናቴ
መርሳ

እማዬ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ከግማሽ መንገድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የምትሳለሚው? ከደሴ የታዘዘልሽ ክኒን ጨጓራሽን ማቃጠሉን ተወ? ወንድሜ አብርሽ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ባለቤቱስ በሰላም ተገላገለች? የልጃቸው የትንሳኤ የፊት ጥርሶች በቀሉ? ማንጎዎቹ ዘንድሮ ያዙ ወይስ ነፋሱ አበባቸውን አረገፈው? ሁሉንም አንድ በአንድ የምጠይቅሽ የምጽፈው አጥቼ አይደለም። የምጽፈው ስለከበደኝ፣ ከመግባቴ በፊት ደጃፉ ላይ ትንሽ ልቁም ብዬ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲነጋ እነሳለሁ። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልጽፍልሽም፤ ድምፄን ሰምተሽ የማታውቂው ነገር ስለሌለ ውሸቴ ወዲያው ይገባሻል።

ያን ቀን በስልክ ስናወራ አለቀስሽና ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ስደውል የሚያነሳው አብርሽ ነው። «ተኝታለች» ይለኛል። አንቺ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ተኝተሽ አታውቂም። ስለዚህ ይህን ወረቀት አብራኝ ለምትኖረው ለአዲስዓለም ሰጥቻታለሁ። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶላት ለዘለቄታው አገሯ ልትገባ ነው። ከአንቺ እጅ ሌላ ማንም እጅ ላይ እንዳታስቀምጠው አደራ ብያታለሁ። ጋሽ ወንድዬ የሚመጣው ከእሷ በኋላ ነው። ወንድምሽ በርሽን ከማንኳኳቱ በፊት ነገሩን ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

«መታሰቢያ የገዛ አጎቷን ከእንጀራው ነቅላ አስባረረችው» እያሉ ነግረውሻል። ውሸት አይደለም። ግን ከመጀመሪያው ስሚኝ።

ስለ ትምህርት ቤታችን ያኔ በደስታዬ ሰሞን ነግሬሽ ነበር። እዚህ ደማም፣ ራካ ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች ተባብረው ቪላ ተከራይተው፣ በአንድ ሳውዲ ፈቃድ፣ ለአበሻ ልጆች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የከፈቱት ነው። ከማዳሜ ቤት ጎትቶ አውጥቶ እዚያ ያስገባኝ ጋሽዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። «ዲግሪሽ ሻንጣ ውስጥ ሻገተ እኮ፣ አውጪና ፀሐይ አስመቺው» እያለ ሲቀልድብኝ ከርሞ፣ ርዕሰ መምህሩን አቶ ሞላልኝን ለምኖ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፈቃዱ በስሙ ወደሆነው ሳውዲ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ካፊል ያዞረልኝ እሱ ነው። የገባሁ ዕለት ዓለምን ልገለብጥ ነበር። ኮሌጅ ስለ ልጆች ደህንነት የተማርኩትን አሳጥሬ ትልቅ ካርቶን ላይ ጻፍኩ፦ ልጅ አይመታም፤ ልጅ አይሰደብም፤ ልጅ የጎዳ ሰው ነገሩ እስኪጣራ ከልጆች ይርቃል። መግቢያው ላይ ሲሰቀል ወላጆች አጨበጨቡልኝ። ምስማሩን የመታልኝ ጋሽዬ ነው።

ጋሽዬ የልጆቹን ሚኒባስ ይነዳል፤ ይነዳ ነበር ልበል እንጂ። ልጆቹ «ዐሞ» ይሉታል፣ በዐረብኛ አጎቴ ማለታቸው ነው። በዒድ ኒስፍ አልቀመር ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወስዷቸው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲያዋኛቸው ብታዪ፣ ልጁ ማን፣ ትልቁ ማን እንደሆነ አትለዪም። የሚጠላቸው ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ወረቀት መጻፍ እንዴት ይቀለኝ ነበር።

ሬሀና የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለች። እናቷ ሸፊቃ የቃሉ ሰው ናት፤ አጠገባችን ባለችው በኾበር ከተማ አንድ ቤት ምግብ ታበስልና ማታ ወደ ኪራይ ክፍሏ ትመለሳለች። አባትየው ደማም ወደብ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ ለዕረፍት ብሎ አገር ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ሬሀና ለፍላፊ ነበረች። ዐረብኛና አማርኛ ደባልቃ፣ «ሚስ፣ አባያሽ ለምን ሁልጊዜ መሬት ይጠርጋል? ደሞዝ ይከፍሉታል?» ብላ በልጆቹ ፊት ታስቅብኝ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የዚህን አገር ሙቀት በወረቀት አልነግርሽም፤ ገና በጠዋት የመኪና እጀታ ይፋጃል። ከኾበር ሲመጡ ሬሀና ፌስታል በክር አስራ በሚኒባሱ መስኮት አውጥታ ታበራለች። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ከወደብ የሚመጣ ከባድ መኪና ነው። ጋሽዬ በመስታወት እጇን ውጭ ሲያይ ነፍሱ ወጣች። ፈርቶላት ነው የተቆጣው፣ ይህን አልክድም።

ልጆቹን በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሬሀና አልወረደችም። የት አለች ብዬ ስጠይቀው፣ ትንሽ ትቀመጥና ልብ ትግዛ አለኝና ከዘበኛው ጋር ሻይ ሊጠጣ ገባ። ቢሮ አስቀምጧት ይሆናል ብዬ ቢሮ ሄድኩ፤ የለችም። ልጆቹን ስጠይቅ አንዱ ሳቅ እያለ፣ «ሚስ፣ ዛሬ ኹብዝ ሬሀና ናት» አለኝ። ኹብዝ ዳቦ ነው። መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ለሚቀጣ ልጅ ያወጡለት ስም ነው ለካ፤ ምድጃ ውስጥ እንደገባ ዳቦ። አብዛኞቹ ተራቸው ደርሷቸው ያውቃል። ያኔ የዚህ አገር ብርድ ወራት ስለነበር፣ ቶሎም ስለሚያወጣቸው፣ ጨዋታ አድርገውታል።

ቁልፉን ከጋሽዬ እጅ ነጥቄ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ከቪላው ጀርባ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሬሀናን ያገኘኋት ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ፊቷን ደፍታ ነው። አታለቅስም። ላቧ አልቆ ቆዳዋ ደርቋል። ስሟን ስጠራት አላወቀችኝም። ውኃ አፍስሰንባት፣ ክሊኒክ ወስደናት፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ወደ ማታ ነው ዓይኗ የተገለጠው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ሸፊቃን ሲያይ አልጨረሰውም።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪና አጠገብ አትደርስም። በር ሲዘጋ ትንቀጠቀጣለች። ያ ሁሉ ልፍለፋ ጠፋ፤ ስጠራት ቀና ብላ ታየኛለች፣ አትናገርም።

አቶ ሞላልኝ የዚያኑ ዕለት ደንብ ደንብ ነው ብለው ጋሽዬን ከሚኒባሱ አነሱት። አጎቴ ነው ብዬ አልከራከርኳቸውም። እያዘንኩም ቢሆን ኮርቼ ነበር፤ ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ልጅ ሊጠብቅ ይችላል ብዬ። ኩራቴ የቆየው እስከ ዓርብ ነው።

ዓርብ ደማም ሼህ ኑህ ቤት ተጠራን። ሼህ ኑህ እዚህ ያለን የወሎ ሰዎች፣ እስላም ክርስቲያን ሳንል፣ ነገራችንን የምናበርድባቸው ሽማግሌ ናቸው። በሰው አገር ገበናችን ከበር አይውጣ ብለው ነው የሚደክሙት፣ አልፈርድባቸውም። ጋሽዬ በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። እዚህ አሸዋ እንጂ ድንጋይ ከየት ይገኛል፤ በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ ያነሱትን ብሎኬት ነው ማጅራቱ ላይ የጫነው። አንዱ፣ «እንኳን ሲሚንቶው ደርቆ አገኘኸው» ብሎ ቀለደና ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ጋሽዬ ግን ያለቅስ ነበር። የማስመሰል ልቅሶ አልነበረም፤ አያቴ በሞቱ ጊዜ ያለቀሰውን ልቅሶ ነው ያለቀሰው። «መምታት ክልክል ነው ስላላችሁ ነው» አለ። «እጄን አላነሳሁባትም፤ አስቀመጥኳት እንጂ።» ልጆቹም የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ ካርቶኑ ከመሰቀሉ በፊት ኩርኩም ነበር፣ ከተሰቀለ በኋላ ኹብዝ መጣ።

ሸፊቃ «ለአሏህ ብዬ አውፍ ብዬዋለሁ» ብላ ብሎኬቱን ከማጅራቱ አነሳችለት። ሌላ ምን ትበል? ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ልጇን ከኾበር የሚያመላልስላት ሌላ መኪና ሳይኖራት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አለቅስና ዝም እል ነበር። ሼህ ኑህ ግን ለእርቁ ሙላት ብለው፣ ተበዳይዋ ራሷ ትምጣ አሉ። ሬሀና ከጓዳ ተጠርታ መጣች። «አንቺም አጥፍተሻል ልጄ፣ እጅሽን በመስኮት አውጥተሻል። በይ የአጎትሽን ጉልበት ሳሚና ይቅር ተባባሉ» አሏት። እኛ አገር ልጅ እንዲህ ተብሎ እምቢ አይልም። ሄዳ ጎንበስ አለችና ሳመችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ጋሽዬ አቅፎ አነሳትና፣ ትምህርት ከሚጀምርበት ከእሑድ ጀምሮ ከፊት ወንበር ከጎኔ ነው የማስቀምጣት ብሎ በደስታ ተናገረ። እግሯ አየር ላይ ተገትሮ ቀርቶ ነበር፤ ልክ እንደተያዘ ዶሮ እግር። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ምግብ ቀርቦ ሰው ሲበላ ሬሀና መጥታ አባያዬን ሳበችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው።

«ሚስ፣ ጉልበቱን ስሜዋለሁ። አሁን መስኮቱን ይከፍትልኛል?»

እማዬ፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ነው የምጽፍልሽ።

ጉርሻዬን መልሼ ተነሳሁ። «እኔ በዚህ እርቅ የለሁበትም» አልኩ። «የታረቃችሁት እናንተ ትልልቆቹ ናችሁ። ልጅቷ የሳመችው ፈርታ ነው። እሑድ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም።» ሼህ ኑህ ሳይቆጡ፣ እንደ ማዘን ብለው፣ «ዲግሪ ሽማግሌ ይሽራል እንዴ ልጄ? የወረደ እርቅ ማንሳት መቃብር መቆፈር ነው» አሉኝ። ከማዕዘን አንዲት ሴት፣ ለገዛ አጎቷ ያላዘነች ለሰው ልጅ ልታዝን አለች፣ እንድሰማት አድርጋ። ጋሽዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

ቅዳሜ አቶ ሞላልኝ ጋ ሄድኩ። ደንቡስ ብላቸው፣ «እርቅ ወርዷል፤ ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ካርቶኑ ለሰላም ጊዜ ነው» ብለው እሑድ ጋሽዬ ሥራ እንዲጀምር ማዘዛቸውን ነገሩኝ። ያኔ ነው ወደ ካፊላችን የሄድኩት። እመኚኝ፣ ጋሽዬን ላስባርር አልሄድኩም። ሌላ ሰው ይንዳ፣ እሱ ጥበቃ ይሁን ወይም ዕቃ ያመላልስ ብዬ ልለምን ነው የሄድኩት። ሰውዬው የሰማኝ ልጅ፣ መኪና፣ ፀሐይ እስክል ድረስ ብቻ ነው። እሱም ልጆች አሉት። የቀረውን ልመናዬን አልሰማኝም። ወይ ኹሩጅ ወይ ፖሊስ፣ ምረጪ አለኝ። እኔ ምን እመርጣለሁ? ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠረው።

አንቺ የደወልሽልኝ ይህ በተሰማ ማግስት ነው። «ቃልሽን አንሺ፤ ለቅጽበት ነበር የቆየችው፣ ተሳስቼ ነው በይ» አልሽኝ። «በጀርባው ያዘለሽን ሰው» አልሽኝ። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። ያን ብል ካፊሉ ይመልሰው ይሆናል። ሬሀና ግን ከዚያ በኋላ ለማን ትናገራለች? ከእሷ ቀጥሎ ኹብዝ የሚሆነውስ ልጅ ለማን ይናገራል? አንድ ጊዜ ጉልበት አስመናታል፤ ደግሞ ውሸታም ላደርጋት አልቻልኩም። አልቻልኩም እማዬ። አንቺን ሳላከብር ቀርቼ አይደለም።

ደግ ሥራ ሠርቼ በደስታ ያለሁ መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ሸፊቃ ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጣቻት። ቤቷ ስሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እርቁን ያፈረስሽው አንቺ፣ የሰው እንጀራ ቆረጠች የምባለው እኔ። ወላሂ፣ አሁን ማን ልጄን በመኪናው ያሳፍርልኛል?» አለችኝ። ቤቱ ባዶ ነው፣ እሷ ሥራ አላት፣ ልጅቷን የምትተውበት የላትም። ስለዚህ በጠዋት ስትወጣ በውጭ በኩል ቆልፋባት ነው የምትሄደው። ኤሲ አለ፣ ውኃም ዳቦም ታስቀምጥላታለች። ቁልፍ ግን ያው ቁልፍ ነው። ከተቆለፈ መኪና አውጥቼ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው ያስገባኋት።

ከሥራ ስወጣ በአውቶቡስ ኾበር እሄድና ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ። የዕለቱን ትምህርት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። ጎረቤቱ እብድ ናት ይለኛል መሰል፣ ልጆቹን ከደረጃው ላይ ይጠራል። ሬሀና አትመልስልኝም። በበሩ ሥር ግን የእግሯ ጥላ ይታየኛል። ራካ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ክፍል ለእሷና ለእናቷ እያፈላለግሁ ነው። አንድ ያየሁት አለ፤ ሸፊቃ ግን ገና እሺ አላለችኝም። እሺ እስክትል መመላለሴን አልተውም።

አሁን ከልጆቹ ጋር ሚኒባሱ ላይ የምሳፈረው እኔ ነኝ፤ አዲሱን ሾፌር ብቻውን አንተውም። ልጆቹ «ዐሞ የት ሄደ?» ይሉኛል። አገሩ ሄደ ስላቸው አንዱ ትንሽ ልጅ፣ አንቺ ነሽ ያባረርሽው፣ እማማ ነግራኛለች ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እሱም ኹብዝ ሆኖ የሚያውቅ ልጅ ነው። ይናፍቁታል እማዬ። እኔም ይናፍቀኛል፤ ገና እዚሁ እያለ።

ጋሽዬ ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። የሰደበኝ ስድብ የለም። ለአንቺ የገዛውን ሻርፕና የአልጋ ልብስ አሳየኝ፤ ቀለሙን ትወጂው እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔንም እኮ አባባ ጎታ ውስጥ ይከቱኝ ነበር። ሰው ሆኜ የለ?» አለኝ።

ያን የጎታ ነገር አንቺም እየሳቅሽ ታወሪልን ነበር። ጤፉ ሲያልቅ ባዶው ጎታ ውስጥ እንደሚከቱት፣ አንቺ ደግሞ ተደብቀሽ በታችኛው ቀዳዳ እጅሽን እንደምታሾልኪለትና ጣትሽን ይዞ እንደሚቆይ። እኛም እንስቅ ነበር። እንዴት እንደሚይዝሽ ግን ጠይቄሽ አላውቅም። ጠበቅ አድርጎ ነበር የሚይዝሽ? ያለቅስ ነበር? ይህን የምታውቂ በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነሽ። ለእኔ ባትፈርጂልኝ ግድ የለም፤ ያን ልጅ አስቢልኝና ከዚያ ፍረጂ።

ሲመጣ በደንብ ተቀበይው። አትቆጭው፣ ሰውም እንዲሳለቅበት አትተዪ። የፊተኛውን ክፍል ስጪው፤ ሙቀት የለመደ ነውና ብርድ ልብስ ደርቢለት። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ይህን መጻፍ ከሁሉም ከብዶኛል። ትንሳኤ ሲያስቸግር ለጋሽዬ ቅጣልኝ ብለሽ አትስጪው። አብርሽም እንዳይሰጠው ንገሪው። ልጁን ይውደደው፣ ያጫውተው፣ ባሕር ባይኖርም ወንዝ ይውሰደው፤ አንቺም አብረሽ ሂጂ።

ለአብርሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስልኩን ስለሚያነሳልኝ አመሰግነዋለሁ፣ ውሸት ስለማይሆንለትም ይበልጥ እወደዋለሁ። ለባለቤቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፤ አራሱን ገና ሳላየው ግንባሩን ሳሚልኝ። ትንሳኤን ጉንጩን ሳሚልኝና የሚጠይቀኝን ሁሉ በዝግታ አስቤ እመልስለታለሁ በይው። ለእማማ ወለተጊዮርጊስ ጸሎታቸው እንዳይለየኝ፤ በተለይ ለአንዲት ልጅ እንዲጸልዩ ንገሪልኝ፤ እስላም ናት ቢባሉም አይከፋቸውም። እኔ ልጅሽ ስልክ ስደውል አንድ ቀን አንሺልኝ። ባትናገሪም ግድ የለም፣ ትንፋሽሽን እሰማለሁ።

ጋሽ ወንድዬም ከእንግዲህ የቤትሽ ሰው ነውና ሰላምታ ይገባዋል። ከእኔ ነው ካልሽው ይጎዳዋል። ስለዚህ ስሜን ሳታነሺ፣ ማታ ሲገባ ተነሽና ለእጁ ውኃ አፍስሺለት።

ልጅሽ መታሰቢያ
ራካ፣ ደማም
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.